ፌንጣ፣ ብረት ጠቋሚውና «እኔ እንጃ»

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም መጎሻሸሙን ተዉና ስሙ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ ፌንጣ ይላታል፤ ስትዘል እንጂ ስትራመድ ያያት ሰው የለምና። የምትኖረው ከእናቷና ከአጎቷ ጋር፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። አጎቷ በያጅ ነው። በርና መስኮት እየበየደ ይዘፍናል፤ ድምፁ ግን ከብረት መቁረጫው አይሻልም።

አንድ ቀን ይህ አጎቷ ብረት ጠቋሚ ገዝቶ መጣ። ብረት ጠቋሚ ምን መሰላችሁ? ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ክብ ነገር ያለው ረጅም ዘንግ ነው። ከመሬት ጠጋ አድርጋችሁ ስታሳልፉት ከሥር ብረት ካለ «ጢጥ!» ይላል። አንዳንድ ሰዎች በእረፍት ቀናቸው የተቀበረ ሀብት ይፈልጉበታል። የአጎቷ ደግሞ ርካሹ፣ ለጀማሪ የሚሸጠው ዓይነት ነበር። ውድ ውዶቹ ወርቁን ከቆርቆሮ ይለያሉ አሉ። ይኼ ግን ለወርቅም «ጢጥ»፣ ለሚስማርም «ጢጥ»፣ ለጠርሙስ ክዳንም «ጢጥ» ነው።

«አንቺም መጫወት ትችያለሽ» አላት አጎቷ። «አንድ ነገር ብቻ፤ ሳትጠይቂኝ እንዳትቆፍሪ። ከመሬት ሥር ምን እንዳለ አይታወቅም።»

«እሺ ጋሼ!»

እሺ ማለት ቀላል ነው አይደል? እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች መሣሪያውን ይዛ ወጣች። እሾህ እንዳይወጋት ብላ የአጎቷን የሥራ ጫማ አጠለቀች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ «ጢጥ!» ሌላ እርምጃ፤ «ጢጥ!» ወደ ግራ ዞረች፤ አሁንም «ጢጥ!» ግቢው በሙሉ ወርቅ የተነጠፈበት መሰላት። ዙሪያውን እየሮጠች ምልክት የሚሆን ጠጠር አስቀመጠች። እናቷ በመስኮት አይታት ሳቋ አመለጣት።

«አንቺ ልጅ፣ የበያጅ ጫማ አፍንጫው ብረት እኮ ነው! እግርሽን ነው የምትፈልጊው?»

ፌንጣ አፈረች። ጫማውን አውልቃ የራሷን ሰንደል አደረገች። ግን ግራ ገባት። የትኛው ጠጠር የጫማው ነው? የትኛውስ የእውነት? ሁሉንም ለቅማ ሀ ብላ ጀመረች። አሁን መሣሪያው ዝም አለ። ዝም... ዝም... ግቢው ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ አጠገብ ስትደርስ ግን «ጢጥ!» አለ። ወደ ፊት ስትሄድም አላቆመም። ድምፁ ከግድግዳው ቧንቧ ተነሥቶ፣ በሎሚው ሥር አልፎ፣ ቀጥ ባለ መስመር እስከ ትልቁ በር ወሰዳት።

«የወርቅ ሰንሰለት ነው!» አለች በልቧ። «ረጅም የወርቅ ሰንሰለት!»

እናንተ ቧንቧ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሀብት ያማረው ሰው ግን ስለ ቧንቧ አያስብም።

አጎቷን ልትጠይቅ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። «እሁድ አብረን እናያለን» ቢለኝስ? እስከ እሁድ ማን ይጠብቃል? ትንሿን ዶማ አንሥታ ሎሚው ሥር መቆፈር ጀመረች። አንድ ስንዝር ሳይሞላ ዶማው «ጓ!» አለ። ሁለተኛ መታች። ሦስተኛ መታች። ያኔ እናቷ ለራት ጠራቻት፤ እሷም አፈሩን መልሳ ሮጠች።

ዓርብ ጠዋት ሄዳ ስታየው አፈሩ ርሷል። «ጤዛ ይሆን?» አለች። ሌላው አፈር ግን ደረቅ ነው። የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ጎትታ ቦታው ላይ አስቀመጠችና ትምህርት ቤት ሄደች። ስትመለስ በስድስቱም ቤት ውሃ የለም።

«ፌንጣ፣ የቆፈርሽው ቦታ አለ እንዴ?» አለ አጎቷ።

«እኔ እንጃ።»

«ምን ማለት ነው እኔ እንጃ? እጅሽ አይደል የሚቆፍረው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

እናቷም ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። «እኔ እንጃ» አለች። ልጆች፣ እውነቱን ለመናገር ፌንጣ ግራ ተጋብታ ነበር። እኔ ነኝ የሰበርኩት? አይደለሁም? ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት። ቢሆንስ? ባይሆንስ? ስትጸልይ እንኳ ጸሎቷ ተምታታባት። «አምላኬ ሆይ፣ እባክህ እኔ ያልሆንኩ አድርገው» አለች። ይኼ ምን ዓይነት ጸሎት ነው? እኔ አስተማሪያችሁም አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ከግቢው ዝቅ ባለው በኩል የአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ የአትክልት ቦታ አለ። ልጆች አባባ ፖስታ ይሏቸዋል። በየማለዳው ካሮቱንና ጎመኑን «ደህና አደራችሁ?» እያሉ ይዞራሉ። ከዚያ አትክልት በቀር ዘመድ የላቸውም። ውሃው ብቅ ያለው በእሳቸው የአትክልት መደብ ሥር ነበር።

«ቧንቧው በየት እንዳለፈ የሚያውቅ አለ?» ሲል ጠየቀ ሠራተኛው።

ሁሉም ተያዩ። የቀበረው ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ አጎቷም ብረት ጠቋሚውን ልብ አላለውም። ፌንጣ የዚያን ረጅም «ጢጥ» መስመር አስታወሰች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችና ከንፈሯን ገጠመች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው!

«እንግዲህ ውሃው ከወጣበት ልጀምር» አለ ሠራተኛው። አንዱን መደብ ገለበጠ። ቧንቧ የለም። ሁለተኛውን ገለበጠ። አሁንም የለም። ጣት የምታክል ካሮት፣ ገና ቅጠሉ ያልጠና ጎመን፣ ሁሉም ከአፈር ጋር ተቆለለ።

«አባባ፣ ሦስተኛውንም ልቀጥል?»

«ምን ይደረግ ልጄ፤ ሰው ያለ ውሃ አያድር» አሉ አባባ ፖስታ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተነቀሉትን ካሮቶች መልቀም ጀመሩ። አንዷን በኮታቸው ጠርገው ለፌንጣ ዘረጉላት።

«እንቺ ፌንጥዬ። ሳታድግ ተነቀለች እንጂ ትጣፍጣለች።»

ፌንጣ ካሮቷን ያዘች። መብላት ግን አልቻለችም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አባባ... እኔ መስበሬን አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም! ግን የማውቀው ነገር አለ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ቧንቧው በሎሚው ሥር ነው። ቆፍሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ መታሁት። አፈሩ ሲረጥብ ማሰሮ አስቀመጥኩበት።»

ሠራተኛው ዶማውን ጣለ። አጎቷ ብረት ጠቋሚውን አምጥቶ መስመሩን ተከተለ፤ ማሰሮው ተነሣ፤ ሎሚው ሥር ተቆፈረ። ቧንቧው ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። ጎኑ ላይ የዶማ ምልክት አለ። የቀዳዳውን ዙሪያ ደግሞ ዝገት በልቶታል።

«ዶማው ነው ዝገቱ?» አለ አጎቷ።

ሠራተኛው ራሱን አከከ። «ሁለቱም ይመስለኛል። ዋሽቼ አልፈርድም።»

እንግዲህ ፌንጣ እስከ ዛሬም በእርግጠኝነት አታውቅም። አባባ ፖስታ ግን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ የቧንቧው መሰበር አይደለም የቆጨኝ። ጠዋት ሰውየው ሲጠይቅ ብትነግሪን ኖሮ እነዚህ ሁለት መደቦች አይነቀሉም ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ!»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ካሮት ግን በይቅርታ አይበቅልም። ነገ መጥተሽ አብረን እንተክላለን።»

እሁድ ከእኛ ከሰንበት ትምህርት እንደወጣች በቀጥታ ወደ መደቡ ሄደች። ዘሩን በጣቶቿ እየቆነጠረች፣ አፈሩን እያለበሰች አመሸች።

«መቼ ይደርሳል አባባ?»

«ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«አዎ። የተነቀለውንም ያን ያህል ልጠብቀው ነበር።»

ፌንጣ ባልዲውን አነሣች፤ ሦስቱን ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳታጓድል ውሃ አጠጣች።

ልጆቼ፣ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ፤ የምታውቁትን ግን፣ ግራ ቢገባችሁም ብትፈሩም፣ ሌላ ሰው በእናንተ ዝምታ ሳይጎዳ ቶሎ ተናገሩ።