የቀሚሱ ተርብ

«እትዬ ቡዜ፣ እንዳይነኩት! ተርቧ ትነድፍዎታለች!»

ገዲሴ ይህን ስትጮህ የእትዬ ቡዜ እጅ ቀሚሱ ላይ ሊያርፍ የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። ደንግጠው ሰበሰቡት። ከቀሚሱ እጥፋት ውስጥ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ አንዲት ጥቁር ተርብ ወጣች፤ ጓዳውን አንዴ ዞረችና በመስኮቱ ሾልካ ሄደች።

«በስመ አብ! ቤት ሠርታበታለች እኮ!» አሉ እትዬ ቡዜ።

እውነታቸውን ነው። ከጓዳው በር ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ባለ አበባ ቺት ቀሚስ፣ ወገቡ አካባቢ መዳፍ የሚያህል የደረቀ ጭቃ ተለጥፎበታል።

«ክፉ ናት። ባለፈው ልነካት ብዬ እጄ እስከ ክንዴ አብጦ ነበር» አለች ገዲሴ።

ይኼኛው ውሸት ነበር። ተርቧ አንድም ቀን ነድፋት አታውቅም።

ዕለቱ የእናቷ የትሩፋት አርባ ነው። ውጭ ተዝካር የበላው ሰው ገና አልተበተነም። ትሩፋት ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ነፍስ አባቷና ባሏ ቁጭ ብለው እየሰሙ «ቀሚሴን በአርባዬ ለቡዜ ስጧት» ብላ ተናዛለች። እትዬ ቡዜ ከፉሪ ተራራ እንጨት ለቅመው ጎፋ ገበያ እየሸጡ የሚያድሩ ጎረቤት ናቸው። ትሩፋት ከአልጋ በወደቀችባቸው ሦስት ወራት ያጠቧት፣ ያገላበጧት፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሷት እሳቸው ናቸው። ይህን የመንደራቸው የለቡ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ገዲሴም ታውቃለች። ግን ከእናቷ የቀራት ያ ቀሚስ ብቻ ነበር።

ጩኸቷን ሰምቶ አባቷ ሁንዴሳ ገባ። ቀሚሱን አየ፣ ልጁን አየ።

«እንግዲህ ይቆይ» አለ ቀስ ብሎ። «ተርቧ ትሂድና እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ፣ ቡዜ።»

«ምን ቸገረኝ፤ ቀሚሱ የት ይሄዳል» አሉ እትዬ ቡዜ። ትከሻው ላይ የተተረተረውን ቀሚሳቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

ስለ ጭቃ ተርብ ገዲሴን ያስተማረቻት ራሷ እናቷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ትሩፋት የቤቱን ግድግዳ ስትመርግ፣ ተርቧ ከተቦካው ጭቃ እየቆነጠረች ወደ ጣራው ሥር ትመላለስ ነበር።

«እያት ይቺን መራጊ!» አለች ትሩፋት እየሳቀች። «አትፍሪ። በእጅሽ ካልጨመቅሻት አትነድፍም። እንደ ንብ መንጋ የላት፣ የምትጠብቀው ቀፎ የላት፤ ብቻዋን ናት።»

በቢላ ጫፍ አንዱን ክፍል ከፍታ አሳየቻት። ውስጡ እግራቸውን ያጠፉ ትንንሽ ሸረሪቶች ተጠቅጥቀዋል። በጭድ ስትነካው አንዱ እግሩን አንቀሳቀሰ።

«አልሞቱም፤ ነድፋ አደንዝዛቸው ነው። እንቁላሏን አብራ ትጥልና በጭቃ ትደፍነዋለች። ልጇ ሲፈለፈል ስንቁ አጠገቡ ነው።»

«እናቱስ?»

«እናቱማ ዘግታ ትሄዳለች፤ አይተያዩም።» ትሩፋት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ቀዳዳ ካየሽበት ልጁ ወጥቷል ማለት ነው፤ ያኔ ፍቀሽ ጣይው። ድፍን ከሆነና ካላስቸገረሽ ግን ተዪው።»

በአርባው ማግስት ትምህርት ቤት፣ አብራት የምትቀመጠው ፀሐይወርቅ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች።

«አንቺ የለየልሽ አራዳ ነሽ! ተርብን ዘበኛ አደረግሻት?»

ገዲሴ አብራት ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ። ኅዳር ገባ። የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብር ጀመር። ትምህርት ቤት ስትሄድ በእትዬ ቡዜ ደጅ ያለውን አቋራጭ ትታ በወንዙ በኩል መዞር ለመደች። አንድ ቀን ግን ከሩቅ አየቻቸው። እንጨት ተሸክመው በዚያው በተተረተረ ቀሚስ ይሄዳሉ፤ ብርዱ ትከሻቸውን አኮማትሮታል። እትዬ ቡዜ ስለ ቀሚሱ አንድም ቀን አልጠየቁም። የጠየቀው ሌላው ሰው ነው። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች፣ ገዲሴ እየሰማች፣ «የሟች ቃል በተርብ ይታገዳል እንዴ?» ተባባሉ።

ወሬው አባቷም ጆሮ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእርሻ ተመልሶ የላምባውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳ።

«ያን ቀሚስ ከነተርቡ ጓሮ አውጥቼ አቃጥለዋለሁ» አለ። «ለሰጪም ለተቀባይም አልሆነ። ወሬውም ያበቃል።»

ገዲሴ የጓዳው በር ላይ ቆመችበት። ከአፏ እስኪወጣ ድረስ እንደምትናገረው አላወቀችም።

«አባዬ፣ ዋሽቻለሁ። ነድፋኝ አታውቅም። እትዬ ቡዜ እንዳይወስዱት ብዬ ነው።»

ቁጣውን ጠበቀች። አባቷ ግን ጠርሙሱን እንደያዘ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ገበሬ ነኝ፣ ገዲሴ። የጭቃ ተርብ አላውቅም?» አለ። «ያን ዕለት ስትጮሂ... ደስ አለኝ።»



«ቡዜ በዚህ በደጃችን ትመላለሳለች። ያን ቀሚስ ለብሳ፣ ከኋላዋ... እናትሽን ልትመስለኝ ነው። አልችልም። ቢቃጠል ይሻላል።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በቀብሩ ዕለት እንኳ ሲያለቅስ አላየችውም። ቢመታት ይሻላት ነበር።

ቢላ ይዛ ጓዳ ገባች። ከሚስማሩ ሳታወርደው ፊቷን ቀሚሱ ውስጥ ቀበረች። የእናቷን ጠረን ፈለገች፤ የለም። የአቧራና የጭቃ ሽታ ብቻ ነው። ለካ ስትጠብቀው የከረመችው ነገር ከሄደ ቆይቷል።

ጭቃውን በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ ተበስተዋል፤ አንዱ ገና ድፍን ነው። ተርቧ ራሷ ከታየች ሳምንታት አልፈዋል። ቢላውን በጨርቁና በጭቃው መካከል ቀስ አድርጋ ሰደደችው። ሦስቱ ተፈረካከሱ። ድፍኑን ሳይሰበር በመዳፏ ተቀበለችና ውጭ ከጣራው ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጠችው። ቀሚሱን አራግፋ አጠፈች።

«አባዬ፣ እኔ እወስደዋለሁ።»

 አባቷ ከመደቡ ተነሣና የላምባውን ጠርሙስ ወደ ቦታው መለሰ።

እትዬ ቡዜ ደጃቸው ላይ እንጨት ያስሩ ነበር። ገዲሴ ቀሚሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይናቸውን ሳታይ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ቡዜ የሚያስሩትን እንጨት ለቀቁ። ከዚያ ቀሚሱን ተቀብለው ጭኖቻቸው ላይ ዘረጉት። ወገቡ ላይ ጭቃው የነበረበት ቦታ ወይቧል።

«የአርባዋ ዕለት ለብሼው መቃብሯ ላይ ልቆም ነበር» አሉ። «ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ‹ለብሰሽ ነይና ልይሽ› ብላኝ። አርባ ደግሞ አይመለስም፣ ልጄ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ገዲሴም ለመጠየቅ ድፍረት አጣች።

ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ መንገዱ በጉም ተሸፍኗል። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። በአቋራጩ፣ ከፊት ለፊቷ፣ ባለ አበባው ቺት ቀሚስ ይሄዳል። ጉሙ እንጨቱንና የተሸካሚዋን ራስ ሸፍኗል፤ የሚታየው ቀሚሱ ብቻ ነው፣ ወገቡ ላይ ያለው የጭቃ እድፍም ጭምር። እናቷ ናት። አይደለችም። 

በግራ በኩል የወንዙ መንገድ አለ።

ገዲሴ ደብተሯን ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘችና በአቋራጩ፣ ከቀሚሱ ኋላ ኋላ ተከተለች።