ከቀትር በፊት

የዚያ ትምህርት ቤት ዴስኮች ከሲሚንቶው ወለል ጋር በብሎን የታሰሩ ነበሩ። በየክፍሉ ሰባ ተማሪ በረድፍ ይቀመጣል፤ መምህሩ ደወል ሲደወል ይገባል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል። በቀን ስድስት ክፍል የሚያዳርስ መምህር ከአራት መቶ በላይ ፊት ያያል፤ የማንን ልጅ እንዳስተማረ ግን አያውቅም።

የሂሳብ መምህርቷን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። አንዲት ተማሪ የዓመቱን ፈተና በሙሉ ተሳስታ ወደቀች። መምህርቷ ወረቀቱን ደግማ ስትመረምር ስሌቱ አንድም እንከን የለበትም፤ የተሳሳቱት ከሰሌዳው የተገለበጡት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳው ሳይታያት ከኋላ ተቀምጣ ከርማለች።

ከዚያ ወዲያ መምህርቷ ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ዕቅድ ነደፈች። ሰማንያ ተማሪ ለአምስት መምህራን ይሰጣል፤ እነዚያው አምስቱ ልጆቹን ከመጀመሪያው ዓመት እስከ አራተኛው ይዘው ይዘልቃሉ። ረድፉ ይፈርሳል፤ አራት አራት ሆነው ፊት ለፊት የሚሠሩበት ጠረጴዛ ይገባል። ዕቅዱ ለሙከራ ተፈቀደ፤ ዴስኮቹን ነቅሎ ጠረጴዛ የሚሠራ አናጢም ተቀጠረ።

«መምህርት፣ ይህን ብሎን ያሰረው ሰው ጠላት ነበረበት እንዴ?» አላት አናጢው በመጀመሪያው ቀን፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ።

«ያሰረው አባቴ ነው። የዚህ ቤት ርዕሰ መምህር ነበር።»

መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እንግዲህ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልቀጥል?»

«እርስዎ ይቀጥሉ። ይቅርታውን ለአባባ እኔ አደርሳለሁ።»

በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ሥራውን ልታይ ትመጣ ጀመር። የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፏ ትዳስሳለች፤ እሱም መላጊያውን ይዞ መዳፏን ያያል። ቀና ስትል ዓይኑን ወደ እንጨቱ ይመልሳል። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ትቆያለች።

አንድ ቀን በመስኮቱ ጥግ የነበረውን ዴስክ ነቅሎ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

«እዚህ ነበር የምቀመጠው» አለ። «አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ ሰኞ ቀረሁ። ማክሰኞም ቀረሁ። ከትምህርት ቤት ሰው ይመጣል እያልኩ ደጅ ደጁን ሳይ ሰነበትኩ።»

«ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል? በወሩ ብቅ ስል ስሜ ተሰርዟል። ችግር አስቀረኝ አልልም። ምነው ቀረህ ያለኝ አንድ ሰው ቢኖር እመለስ ነበር።»

በማግሥቱ ዕቅዱ ላይ አንድ ደንብ ጨምራ አመጣችለት፦ ተማሪ ከቀረ ከአምስቱ መምህራን ተረኛው ከቀትር በፊት ቤቱ ሄዶ ይጠይቃል። አናጢው መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኸ የእኔ ነው» አለ።

«ያንተ ነው» አለችው። «እርስዎ» የሚለው ቃል በዚያ ቀን ከመካከላቸው ወጣ።

ጠረጴዛዎቹ አልቀው ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቹ መምህርቷን «አፋላጊዋ» አሏት። ዓመቱን የምትደግመው ዓይነ ደካማዋ ልጅም መነጽር አድርጋ ከፊተኛው ጠረጴዛ ተቀመጠች። አናጢው ግን ሥራው አልቆበት ነበር። የሁለት ቀን መንገድ ከሚያስኬድ ከተማ አንድ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት ጠርቶታል።

«ሐሙስ ቀትር ላይ አባትሽን ላነጋግር እመጣለሁ» አላት። «እሺ ካሉ የሩቁን ሥራ እተወዋለሁ። ካላሉ ዐርብ ጠዋት በሚነሣው መኪና እሄዳለሁ። አንቺ ግን ከጎኔ ሁኚ። እሳቸውን ብቻዬን ሳያቸው ዛሬም ተማሪ ነው የምሆነው።»

«እገኛለሁ» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ስም ስትጠራ ባለመነጽሯ ልጅ የለችም። ተረኛዋ ራሷ መምህርቷ ነበረች። ደርሼ እመለሳለሁ ብላ በሦስት ሰዓት ወጣች። ልጅቷን ያገኘቻት እናቷን ታቅፋ ነው፤ እናትየዋ ራሷን ስታ ወድቃለች፣ ከሁለቱ በቀር በቤቱ ሰው የለም። መኪና ለምና ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። የግድግዳው ሰዓት ወደ ስድስት ሲቃረብ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አይሂዱብኝ» አለች ልጅቷ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ።

ተመልሳ ተቀመጠች።

አናጢው በተባለው ሰዓት፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከጡረተኛው ርዕሰ መምህር ሳሎን ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ እሷስ?»

«ሥራ ይዟታል። ዴስኬን የነቀልከው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንተኛ ክፍል ደረስክ?»

አናጢው አንድ ሰዓት ያህል በሩን እያየ ቆየ፤ ከዚያ እጅ ነሥቶ ወጣ።

እሷ በአሥር ሰዓት ገባች። «አባባ፣ መጣ?»

«መጣ፤ ሄደ» አሏት።

ስልክ በየኪሱ የማይያዝበት ዘመን ነበር። ማደሪያውን ታውቀዋለች፤ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ግን ልቧ ተቀይሟል። «ደንቡ የራሱ ነው፤ የት እንደሄድኩ እንዴት ይጠፋዋል? ከፈለገኝ ይመለሳል» አለች። ዐርብን ጠበቀች። ቅዳሜንም፣ እሑድንም። ሰኞ ጠዋት መሄዱን ሰማች።

አራቱ ዓመታት አለፉ። ከሰማንያው ሰባ ሰባቱ ጨረሱ። በስንብቱ ዕለት ባለመነጽሯ ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ የቀረን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ። እርስዎስ የቀረብዎ ሰው የለም?» አለቻት። ልጅቷ ያለችው እንዲያው ለጨዋታ ነበር። መምህርቷ ግን በዚያው ሳምንት መኪና ተሳፈረች።

አናጢው ጠረጴዛ ሲልግ አገኘችው። ከእግሩ ሥር፣ በፍቅፋቂው መካከል፣ ሁለት ዓመት የማይሞላት ሕፃን ተቀምጣ ትጫወታለች። ዓይኖቿ የእሱ ናቸው።

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ።

«ዐርብ አልሄድኩም» አለ እሱ። «መኪናውን እያሳለፍኩ እስከ ሰኞ ደጅ ደጁን ሳይ ነበር።»

«እኔም በሬን እያየሁ ነበር።»

«የቀረሁት እኮ እኔ ነበርኩ፤ ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ።»

መምህርቷ አቧራ የለበሰውን ጠረጴዛ በመዳፏ ዳሰሰች፤ እሱም መዳፏን አየ። ከዚያ የዚያን ሐሙስ ነገር አንድ በአንድ ነገረችው፤ ልጅቷን፣ እናትየዋን፣ የግድግዳውን ሰዓት።

«አረፈድኩ» አለች በመጨረሻ።

ሕፃኗን አንሥቶ ታቀፈ። «አዎ» አለ በቀስታ፤ «አረፈድሽ።»

በሩ ድረስ ሸኛት። ልትወጣ ስትል፣ «ያቺ ልጅስ?» አላት።

«ጨረሰች። መምህር ልትሆን ነው።»

አናጢው ፊቱን ወደ ሕፃኗ ፀጉር አዞረ። «እንግዲያው ደንቡን እንዳትለውጡት» አለ።

በአዲሱ ዓመት አዲሶቹ ሰማንያ ገቡ። በመጀመሪያው ሰኞ ስም ስትጠራ፣ በመስኮቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ተረኛዋ እሷ አልነበረችም። ጠመኔውን ለባልደረባዋ ሰጥታ ጃንጥላዋን አነሣች።

«ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው እኮ!» አለቻት ባልደረባዋ። «እስከ ቀትር ስንት ጊዜ አለ?»

«አውቃለሁ» አለችና ወጣች።