ድመቱ የላሰው

ድመቱ ከሕፃኑ አልጋ ሥር ድርቅ ብሎ ተገኘ። አያቲቱ ግን የሚያፈጡት ሬሳው ላይ ሳይሆን ሞግዚቷ ላይ ነበር።

«የቀባችውን የልጁን ጉንጭ ልሶ ነው የሞተው። ነገ ደግሞ ልጁ ነው» አሉ።

ልጁ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ያገኘውን እየያዘ ይቆማል፤ የያዘበትን እጅ ወዲያው አፉ ይከታል። ሞግዚቷ ግሊሰሪን በውሃ አቅጥና ስለምትቀባው፣ አባትየው ለፖሊስ ሊያስረክባት በሩን ቆልፎ ቁልፉን ጨብጧል።

የተጠራው «አፍንጫ» የሚሉት ጡረተኛ መርማሪ ነው። ጎረቤት የቀቀለችውን ቀርቶ ነገ ልትቀቅል ያሰበችውን በአጥር ያሸታል ይባላል፤ እኔ ግማሹን አምናለሁ። ተንበርክኮ የድመቱን አፍ ከፍቶ አሸተተ።

«ቤት እየነደደ እሱ ድመት ይስማል» አሉ አያቲቱ።

ሞግዚቷን ሲጠይቃት፣ ልጁ ጭራውን ስለሚጎትተው ድመቱ አጠገቡ እንደማይደርስ ነገረችው።

«ታዲያ የት ነው የሚውለው?»

ሞግዚቷ አያቲቱን ሰረቅ አድርጋ አየችና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። አያቲቱ ለእባብ ምላስ ጆሮ እንዳይሰጥ አስጠነቀቁት።

አፍንጫ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። የግሊሰሪኑን ጠርሙስ ከፍቶ ጣቱን ነከረና ላሰ። አባትየው ክው አለ።

«ይጣፍጣል፤ ሽታ የለውም። የድመቱ አፍ ግን እንደ ቁርጥማት ቅባት ይሰነፍጣል። ፀጉሩም የልጁ ልብስ ላይ የለም፤ እማማ፣ የእርስዎ ቀሚስ ላይ ነው፣ ልክ ጉልበትዎ ጋ። ጉልበትዎን የሚቀቡት ቅባት ለቆዳ እንጂ ለሆድ አልተሠራም። ጭንዎ ላይ እየዋለ ሲልስ ሲልስ ተመረዘ፤ ሲጨንቀው ጨለማ ፈልጎ አልጋው ሥር ገባ።»

«ነፍሰ ገዳዩ ጉልበቴ ነው በለኛ» አሉ አያቲቱ።

ሞግዚቷ ዓይኗን ከዚያው ጉልበት አልነቀለችም። ልጁ ድሆ ሄዶ በሁለት እጁ ጨምድዶት ቆሟል። አንዱን እጅ ለቀቀና ወደ አፉ አነሳ።

ሞግዚቷ ከሁሉም ቀድማ ዘላ እጁን አፈፍ አደረገች።

«ውሃና ሳሙና» አለች።

አባትየው ቁልፉን ጥሎ ሮጠ። አያቲቱ ቀሚሳቸውን እግራቸው ድረስ ጎትተው ሸፈኑና፣

«እጁን እንዳትቆለምሚው፣ አንቺ እባብ» አሉ።