የተሾመች አውራ ጣት

ምስጢር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ መካኒሳ ነው፤ ከትልቁ አስፋልት ገባ ብሎ፣ አምስት ተከራይ በአንድ ቧንቧ በሚጋፋበት ግቢ፣ መጨረሻዋ ክፍል። እዚያች ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ምስጢርና እናቷ ተሾመች። አባቷ ገና ሳትድህ ነው ያረፈው። ስለዚህ ምስጢር ያላት እናቷ ብቻ ናት፤ ተሾመችም ያላት ምስጢር ብቻ። ይህን በልባችሁ ያዙ፣ ልጆች።

ተሾመች ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ሱቅ የላትም። መንገድ ዳር ላስቲክ ታነጥፍና ድንቹን በመደብ በመደብ ትደረድራለች። "ነይ እናቴ! ና ወንድሜ! የሻሸመኔ ድንች ነው!" ትላለች። ድምፅዋ እንደናንተ ድምፅ እንዳይመስላችሁ፣ ደወል ነው! ታዲያ "ደንብ መጣ!" የተባለ እንደሆነ፣ ደንብ አስከባሪዎቹ ከሩቅ ብቅ ሲሉ፣ ላስቲኩን በአራት ጫፉ ሰብስባ፣ ተሸክማ እግሬ አውጪኝ ነው። አንዳንድ ቀን ታመልጣለች። አንዳንድ ቀን ድንቹ ይወሰድባታል። የዚያን ቀን ራታቸው ሻይ በዳቦ ነው።

አንድ ቀን ተሾመች እልል እያለች ቤት ገባች። ወረዳው መንገድ ዳር ለሚነግዱ ሴቶች ከመነሻ ብድር ጋር የቆርቆሮ ሼድ ሊሰጥ ነው! ጣራ ያለው፣ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው! የእሷም ስም ተመዝግቧል። ግን አንድ ነገር ይቀራል።

"ብድሩም ኪራዩም በባንክ ነው የሚሄደው። እስከ አርብ አሥር ሰዓት በስሙ የባንክ ደብተር ያላመጣ ከዝርዝሩ ይሰረዛል" ተብሏል።

ተሾመች ዕድሜዋን ሙሉ ባንክ ገብታ አታውቅም። ባንኳ መቀነቷ ነው። ማንበብና መጻፍም አትችልም። ያልተማረ ሰው ቂል እንዳይመስላችሁ፣ ልጆች! ይቺ ሴት ድንቹን በእጇ ብቻ መዝና ኪሎውን ቁርጥ አድርጋ የምትነግር ናት። ፊደሉን ግን ማን አስቆጥሯት!

"ምስጢርዬ፣ ዓይኔ አንቺ ነሽ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አለቻት። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ስለነበር ትምህርት የለም።

ረቡዕ ሄዱ። "ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ" ተባሉ። ሐሙስ ሄዱ። "ጉርድ ፎቶ ይቀራል" ተባሉ። እንዲህ እንዲህ ሲል የመጨረሻዋ ቀን አርብ ከች አለች።

አርብ ጠዋት ጎፋ ያለው ባንክ ሲደርሱ ወረፋው እስከ ደጅ ወጥቷል። የደረሳቸው ቁጥር ሰባ አራት ነው። የሚጠራው ገና ሠላሳ ዘጠኝ! ምስጢር አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ አንዴ ወረቀቷን ታያለች። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ።

ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ጋ ደረሱ።

"እዚህ ይፈርሙ፣ አባቴ።"

"ፊርማ የለኝም ልጄ። ጣት ነው ያለኝ።"

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጭነው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ተጠቃቀሱና ክትክት ብለው ሳቁ። "ፋዘር ዛሬ ቀለም ተቀቡ!" አለ አንደኛው።

ምስጢር ፊቷ ጋለ። የእናቷን አውራ ጣት አየችው። ወፍራም ነው፣ ተሰነጣጥቋል፣ የድንች አፈር ጠርዙ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ትንሽ ቆይቶ ያ ጣት እዚያ ቀለም ላይ ሊያርፍ ነው። እነዚያ ልጆች ሊስቁ ነው። ወይ ጉዴ!

"ምስጢር! አንቺም ደብተር ልታወጪ ነው?"

ዘወር ስትል ሪሐና ናት፤ የክፍሏ ልጅ። ከአባቷ ከጋሽ ሃሩን ጋር መጥታለች። "አባ በስሜ ቁጠባ ሊከፍትልኝ ነው። አንቺስ ከማን ጋር ነሽ?"

ይህን ጊዜ ተሾመች መቀነቷን ፈትታ፣ የተጠቀለለውን ብር አንድ በአንድ እያቃናች ነበር። ብሩ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ምስጢርም፣ አፏ ይሰበርና፣ ምን አለች መሰላችሁ?

"ከጎረቤታችን ጋር። ማንበብ ስለማትችል ላነብላት ነው።"

ሪሐና ተሾመችን አየች። ምስጢርን አየች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። "እሺ" ብላ ወደ አባቷ ሄደች።

ምስጢር ቀስ ብላ እናቷን አየቻት። ተሾመች አቀርቅራ ብሩን ታቃናለች። ሰምታ ይሆን? አልሰማች ይሆን? ከኋላቸው ደግሞ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ቅጽ ታቅፋ አለፈች። እሷስ ሰምታ ይሆን?

ሰባ አራት ተጠራ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ያችው ሠራተኛ ናት። ደረቷ ላይ አምሳለ የሚል ስም ተለጥፏል።

"ፋይዳ መታወቂያ አለዎት፣ እናቴ?"

"አለኝ።"

"ይፈርማሉ ወይስ በጣት ነው?"

"በጣት ነው፣ የኔ እመቤት።"

"ችግር የለም። ቅጹን ጮክ ብዬ አነብልዎታለሁ። ማንበብ የሚችል የቤትዎ ሰው አጠገብዎ ሆኖ ያዳምጣል። ይቺ ልጅ ምንዎ ናት?"

"ልጄ ናት።"

አምሳለ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቅድም 'ጎረቤታችን ናት' ስትል ሰምቻታለሁ እኮ።" ወደ ምስጢር ጎንበስ አለች። "የኔ ቆንጆ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እናትሽ ናት ወይስ ጎረቤትሽ?"

ኧረ ልጆች፣ ምን ነበረበት? "እናቴ ናት" ማለት እኮ ትንፋሽ አይጨርስም! ግን በቀጣዩ መስኮት ሪሐናና አባቷ ቆመዋል። ጎረምሶቹም አሉ። ምስጢር ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

"ጎ… ጎረቤታችን ናት።"

ተሾመች ልጇን አየቻት። አልተቆጣችም። አንዴ ብቻ አየቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ ያ ደወል የሚመስል ድምፅዋ ጠፍቶ በቀጭኑ እንዲህ አለች፤ "አዎ… የጎረቤት ልጅ ናት። እንደ ልጄ ስለማያት ነው።"

አምሳለ ቅጹን ዘጋች። "አይቀየሙኝ፣ እናቴ። ባለፈው ወር አንዲት እንደርስዎ ያሉ እናት የሰፈር ልጅ 'ያነብልኛል' ብለው ይዘው መጡ። ልጁ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱበትን ፒን አይቶ ገንዘባቸውን ጠርጎ ሄደ። አሁን እርስዎም ሁለት ነገር ነገሩኝ፣ የቱን ልመን? የሚያውቅዎት ትልቅ ሰው መታወቂያውን ይዞ ይምጣና ይመስክርልዎት።"

ሰዓቱ ስድስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ጎፋ ላይ ተሾመችን ማን ያውቃታል? የሚያውቋት ሴቶች ሁሉ ደብተራቸውን ይዘው ወረዳ ሄደዋል። ተሾመች ፋይዳዋን በእጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ብትቆጣ፣ ብትቆነጥጥ ይሻል ነበር! ዝም ያለች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዱላ ይብሳል።

ምስጢር ሼዱን አሰበች። ጣራውን አሰበች። እናቷ ድንች ተሸክማ ስትሮጥ ታያት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እኔ ነኝ" አለች በልቧ።

ይኼኔ ጋሽ ሃሩንና ሪሐና ከባንኩ ወጡ። ጋሽ ሃሩን ሰዓቱን እያየ ይሮጣል። "ለቡ! ለቡ! አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው!" ይላል የታክሲው ረዳት። ጋሽ ሃሩን አንድ እግሩን ታክሲው ላይ አደረገ።

"ጋሽ ሃሩን! ጋሽ ሃሩን!" ምስጢር ሮጣ ደረሰች። ትንፋሿ ተቆራረጠ። ሪሐና እያየቻት ነው። ተሳፋሪው ሁሉ እያያት ነው። "ያቺ… ያቺ ደረጃው ላይ ያለችው እናቴ ናት። መካኒሳ ድንች ትሸጣለች። ጎረቤቴ ናት ያልኩት ውሸቴን ነው። አሁን ምስክር ካላገኘች ሼዱ ይቀርባታል።"

"እናትሽ መሆኗን አውቃለሁ እኮ!" አለች ሪሐና። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ አይደል የምንገዛው? አንቺ 'ጎረቤቴ ናት' ስትዪ እኔ ምን ልበል? ዝም አልኩ።"

ይታያችሁ እስቲ! ምስጢር ያን ሁሉ የደበቀችው ከሚያውቅ ሰው ነው!

ጋሽ ሃሩን አንገቱን አስግጎ ወደ ደረጃው አየ። "ተሾመች? የድንቿ ተሾመች? ሦስት ዓመት ደንበኛዋ ነኝ! እመሰክርላታለሁ እንጂ! ግን ልጄ፣ ጁምዓ ደርሶብኛል። ሰግጄ እመለሳለሁ። ቅድም አጠገብሽ ቆሜ ሳለሁ ብትናገሪ ኖሮ እኮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።"

"ያዝ! ሂድ!" አለ ረዳቱ። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ታክሲው ሄደ።

ምስጢር ወደ እናቷ ተመለሰች። "ይመጣል፣ እማ። ሰግጄ እመጣለሁ ብሏል።"

"ይመጣል?" አለች ተሾመች።

"ይመጣል።"

ስድስት ተኩል ሆነ። ሰባት ሆነ። እያንዳንዱ ታክሲ ሲቆም ምስጢር ትነሳለች፤ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ጋሽ ሃሩን የለም። "አምላኬ ሆይ፣ ሁለተኛ አልዋሽም፣ ጋሽ ሃሩንን ብቻ መልስልኝ" ትላለች። ሰባት ተኩል ሆነ። ወረዳው ከምሳ ገብቷል። ስም እየተጠራ ነው ማለት ነው!

ምስጢር ከዚህ በላይ አልቻለችም። እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። "እማ፣ ይቅር በይኝ። ልጆቹ በሽማግሌው ጣት ሲስቁ አየሁና… ፈራሁ። አፈርኩ።"

ተሾመች የልጇን ፀጉር ዳሰሰች። "ቆርጦኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ያንቺስ ልጅነት ነው። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው! የገዛ ልጄን 'የጎረቤት ልጅ ናት' አልኩ። ለምን? እንዳታፍሪብኝ ብዬ። ያንቺን ውሸት ብርድ እንዳይመታው እኔ ደግሞ ሌላ ውሸት ደረብኩለት። በይ፣ አንቺም እኔን ይቅር በይኝ።"

"አንቺን ደግሞ ምን ብዬ?"

"ይቅር በይኝ አልኩሽ እኮ!"

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች ምስጢር እያለቀሰች። ሁለቱም በለቅሶ መሃል ሳቁ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ታክሲ ቆመ። ጋሽ ሃሩን ዘሎ ወረደ! "መንገዱ ዝግትግት ብሎብኝ ነው!" አለ። "ተሾመች፣ በይ ተነሺ! ሁልጊዜ በአንድ መደብ ላይ ሁለት ድንች ስትመርቂልኝ ኖረሽ፣ እኔ አንድ ምስክርነት ልከልክልሽ?"

እንደገና አምሳለ መስኮት ጋ ቆሙ። ምስጢር ማንም ሳይጠይቃት፣ አዳራሹ እስኪሰማ ጮክ ብላ፣ "እናቴ ናት! ቅድም የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ጆሮዋ ጋለ፣ ግን አልሞተችም። እውነት ተናግሮ የሞተ ሰው የለም፣ ልጆች!

"አሁን ገባኝ" አለች አምሳለ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ጋሽ ሃሩን ፈረመ። "ፒንዎን ለማንም እንዳይነግሩ" አለች። "ለልጄም?" አለች ተሾመች። "ለልጅዎም!" ከዚያ ምስጢር የእናቷን እጅ ያዘች። ያ ወፍራም አውራ ጣት ቀለሙን ነክቶ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ወረቀቱ ላይ አበባ የመሰለ ሐምራዊ ነገር ወጣ።

ደብተሩን ይዘው ሮጡ። ወረዳው ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር።

"ተሾመች!" አለ ዝርዝሩን የያዘው አቶ ተካ። "ስምሽን ስጠራ ስጠራ የት ነበርሽ? ልሰርዝሽ ነበር እኮ። ሼዱ በአመጣጥ ተራ ተሰጥቶ አለቀ። የቀረችው አንዷ ናት። ከኋላ፣ ቦዩ አጠገብ ያለችው።"

ቦዩ ይሸታል። ከአስፋልቱም አይታይም። ምስጢር አንገቷን ደፋች። ጠዋት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እናቷ ፊት ለፊት ነበር የምትሆነው።

ተሾመች ግን፣ "ጣራ አላት?" አለች።

"አላት።"

"ቁልፍስ?"

"አላት።"

"እልልልልል!" ወረዳው ተናወጠ።

ከዚያ ወዲህ ተሾመች በብድሩ ከላፍቶ አትክልት ገበያ ድንቹን በኬሻ ታመጣለች። "ደንብ መጣ!" ቢባል ወንበሯ ላይ እግሯን አነባብራ ታያለች። ግን ገበያተኛው ፊት ለፊት ካሉት ገዝቶ ይሄዳል፤ ኋላ ማን ይዞራል? ይቅርታ በአንድ ቀን ተገኘ፣ የጠፋው ቦታ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምስጢር አስፋልቱ ዳር ትቆማለች። የክፍሏ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ያልፋሉ። እሷም የእናቷን ድምፅ በሚያህል ድምፅ ትጣራለች፤

"የሻሸመኔ ድንች! ወደ ኋላ ዞር በሉ! እናቴ ጋ ነው፣ እናቴ ጋ!"

እንግዲህ ልጆች፣ ሊያሳፍረን የሚገባው የወላጆቻችን ድህነትና አለመማር ሳይሆን በገዛ አፋችን የምንናገረው ውሸት ነው።