የጭቃ ሰይጣኑ ድንጋይ

ድልድዩን ሳይሻገሩ ዝናቡ ወረደባቸው። መምህርት ቨርና ሌድፎርድ ግን አራት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቿን አስከትላ የሎሬልን ወንዝ ሽቅብ ተያያዘችው። እኩለ ቀን ላይ አሳ አጥማጆቹ ጦራቸውን ይዘው ወንዙን «ሊያጸዱ» ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት የላይኛው ኩሬ መድረስ አለባት። እዚያ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ስር፣ በወንዙ የቀረው የመጨረሻው የሳላማንደር ጎጆ አለ። ክንድ የሚያህለውን ይህን እንሽላሊት መሳይ የሚያሟልጭ ፍጡር የተራራው ሰው የጭቃ ሰይጣን ነው የሚለው፤ «ማጽዳቱም» እሱን መግደል ነው። ንክሻው ይገድላል፣ አሳ ይጨርሳል፣ አልፎ ተርፎም የመንጠቆውን ገመድ በልጋጉ ቀብቶ አሳ ያባርራል ይሉታል። ይህን ሳይስቁ የሚያወሩት ደግሞ ጢማቸው የሸበተ ትልልቅ ሰዎች ናቸው!

«ቲቸር፣ አያቴ እዚህ መምጣቴን ካወቀ ያርደኛል» አለች ዳርሊን። ያሳደጋት አያቷ ኦርቪል ሆግሌድ የአጥማጆቹ አለቃ ነው።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ንክሻው ይገድል እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ ነዋ!»

ወንዙ ደፈረሰ፣ አገሳ። በገመድ ተያይዘው ሲሻገሩ ውሃው የአንዱን ተማሪ፣ የዌዝሊን አንድ ጫማ ነጥቆ ሄደ። ገደሉን ሲወጡ ደግሞ ከዳርሊን ጉልበት አንድ ክንድ ርቆ የተጠቀለለ እባብ ጅራቱን አንሿሿ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አለች ቨርና።

 እባቡ እየተንቀራፈፈ ወደ አለቱ ስንጥቅ ገባ።

«መርዘኛው ይሄ አይደል?» አለ ዌዝሊ። «እሱን የሚያጸዳ ጠፋ?»

ኩሬው ሲደርሱ ተቀድመዋል። ኦርቪልና ሁለት ጓደኞቹ ቆመዋል፤ በኦርቪል ጦር ጫፍ ከወንዙ ታች የተወጋ ሳላማንደር ተንጠልጥሏል።

«ዳርሊን! ነይ ወደዚህ! አንቺም መምህርት፣ ከድንጋዩ ዞር በይ።»

ቨርና ውሃው ውስጥ ገብታ ጎጆው መኖሩን ልታረጋግጥ እጇን በቋጥኙ ስር ሰደደች። ድንገት ጮኸች። እጇን ስታወጣ ደም በጣቶቿ መሃል ይወርዳል።

«አለቀላት» አለ አንደኛው።

ኦርቪል ጉቶ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን አየ። «በግማሽ ሰዓት ታብጣለች። እንጠብቃ!»

እውነትም ጠበቁ። ቨርና ጥርሷ እየተንገጫገጨ ማስተማር ጀመረች። «የነከሰኝ አባትየው ነው። እናትየው እንቁላሉን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚጠብቀው እሱ ነው። የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ውሃው ሲቆሽሽ ይታፈናል።»

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ ዌዝሊ።

«በሕይወት ከቆየሁ ይመጣል።»

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። እጇ አላበጠም።

«እሺ፣ አይገድልም» አለ ኦርቪል። «አሳችንን መጨረሱስ?»

ዳርሊን ቢላዋ አወጣች። የሞተውን ከጦሩ ላይ አውርዳ ሆዱን ቀደደችው። የተሰባበረ የሸርጣን ቅርፊት ተዘረገፈ፤ አንድም የአሳ አጥንት የለም።

«አያቴ፣ አሳው የታለ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። የሳቁት በኦርቪል ነው። ሽማግሌው ፊቱ ደም መሰለ፤ ጦሩን አንስቶ ወደ ሳላማንደሩ ጎጆ ገሰገሰ። ዳርሊን ቀድማው ቋጥኙ ላይ ወጣችና አፋፉ ላይ ቆመች።

«ውረጂ!»

«አልወርድም።»

የጦሩ ጫፍ ደረቷ ፊት ቆመ። ከዚያ ዝቅ አለ።

«እንግዲያው ከሰይጣንሽ ጋር እደሪ። ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ!»

ዞር ብሎም ሳያያት ወደ ዛፎቹ ገባ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት።

ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ቨርና ግን አፈረች። ቀኑን ሙሉ ያንን ሽማግሌ በሰው ፊት ለመርታት ስትቸኩል፣ ልጅቷ ምን እንደምታጣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም ነበር።

ዳርሊን ከቋጥኙ አልወረደችም። «ቲቸር፣ ዛሬ የት ነው የማድረው?»

ቨርና ወደ ቋጥኙ ተጠግታ የሚደማ እጇን ዘረጋችላት።