የዝይን ፈረስ

ወደ ማርስ በምትጓዘው መርከብ ሰውና ማሽን ሲጣሉ የሚገላግላቸው ሰንጠረዥ ነበር፤ ያ የጥንቱ የአገራችን ቼዝ። መርከቧን የሠሩት ሽማግሌዎች ደንቡን እንዲህ ደነገጉ፦ ያሸነፈ ውሳኔው ይጸናል። ተረኛዋ ጠባቂ ዝይን ከአያ ልባሙ ጋር ተቀመጠች። አያ ልባሙ መርከቧን የሚመራው ማሽን ነው፤ ስሙን ለማሾፍ ያወጣችለት እሷው ናት።

ዛሬ ግን የሚያሾፍ አንጀት አልነበራትም። አያ ልባሙ ሁለተኛው የመኝታ ክፍል አየር ያፈስሳል ብሎ ሊዘጋው ተነሥቷል። እዚያ፣ ማርስ እስኪደረስ በመርፌ ካስተኟቸው ተጓዦች መካከል፣ ወንድሟ ጋሻው አለ፤ ክፍሉ ከተዘጋ ውስጡ ያሉት ሁሉ ያልቃሉ።

«ጠቋሚው ተበላሽቶ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል። በ‹ይሆናል› ግን መርከብ ሙሉ ሰው አላስፈጅም።»

ጨዋታው በወረራ ተጀመረ። በወረራ ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። አያ ልባሙ እንደ ልማዱ አንድ ወታደር ለማጥመጃ ገፋላት፤ ጋምቢት የሚሉት ይህ ነው። ስንቱ ጠባቂ ያን ወታደር በልቶ ጉድ ሆኗል።

«ሞኝህን ፈልግ» አለችና የራሷን ፈረስ ከአፉ ሥር ደቀነችለት። ጋምቢትን በጋምቢት መለሰች። ይህ ካልሠራ ጋሻው አለቀለት።

አያ ልባሙ ፈረሱን በላው። የበላበት ጠጠር ግን ንጉሡን ሲጠብቅ የነበረው ነው። ዝይን ሳትቸኩል ንጉሡን ጥግ አስያዘችው።

«ሞተ» አለች።

«ሞቷል። ክፍሉ አይዘጋም።»

ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ወንድሜን፣ ወንድሜን ትላለች።

«ዝይን» አለ አያ ልባሙ። «የአምስተኛው ክፍል ጠቋሚም አሁን ጮኸ። እዚያ ያንቺ ሰው የለም። አንድ የሚያፈስ ክፍል ተሸክመን ምናልባት እንደርሳለን፤ ሁለት ግን አንችልም። ልዝጋው ወይስ እንጫወት?»

የተበላውን ፈረሷን አነሣች። አምስተኛው ቢዘጋ ጋሻው ይተርፋል። እነዚያን ሰዎች በስም እንኳ አታውቃቸውም። ማሽኑን በልቧ ጨካኝ ስትለው የቆየችው ሴት፣ «ዝጋው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ሲደርስ በራሷ ደነገጠች።

«እንጫወት» አለች በመጨረሻ። እንደዘገየች ግን እሱም አይቷል፣ እሷም ታውቃለች።