ሁለተኛው ጉርሻ

ያቆብ የሚኖረው በፍራንክፈርት ምዕራባዊ ጫፍ ጻይልስሃይም፣ ፍሬ ደግሞ በምሥራቁ ሪደርቫልድ ነበር። ለዓመታት አንድ ከተማ ውስጥ ኖረው አልተገናኙም። የተገናኙት በፈረንጆቹ 2012 የሁዳዴ ጾም፣ አንድ የማታ ትምህርት ቤት የቻይናን ገጠር የእጅ ጥበብና ምግብ ለማሳየት ባዘጋጀው አጭር ጉዞ ላይ ነው።

ሐበሻ መሆኗን አውሮፕላን ላይ አይቷል፤ አፍሮ ግን አላናገራትም።

መንደሩ እንደደረሱ አንዲት ባልቴት ቀይ ወረቀት አጥፈው በመቀስ አንድ ወፍ ቆረጡ። ሲዘረጉት ሁለት ወፎች ምንቃር ለምንቃር ገጥመው ወጡ። ያቆብም ሞከረ። የእሱ ወፎች ግን ተለያይተው ጭኑ ላይ ወደቁ።

«መታጠፊያውን ቆርጠኸው ነዋ» አለችው ፍሬ ከጎኑ። «ሌላውን እንደፈለግህ ቁረጥ፤ እሱን ብቻ አትንካ።»

ምሳ ሲቀርብ ያቆብ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ጾም ነው። አይብ አልበላም።»

«የምን አይብ? ቶፉ እኮ ነው፤ አኩሪ አተር።»

«ስትጸልዪ ሰምቼሻለሁ፤ ጴንጤ ነሽ። በጾም ጉዳይ እንዴት ልመንሽ?»

«አኩሪ አተር ሃይማኖት የለውም» አለችና በቀጫጭኖቹ የመብያ እንጨቶች አንስታ አጎረሰችው።

ውጦ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል» አላት።

«ለሁለተኛው ፍራንክፈርት ስንገባ እንደ ጀርመኖቹ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ያዝ።»

ፍራንክፈርት ገቡ፤ እሱ ከኤርፖርት ሥራው፣ እሷ ከምትሠራበት ሆቴል ኩሽና ሲወጡ መሐል ከተማ እየተገናኙ ተዋደዱ። ሁለተኛው ጉርሻ ግን አልመጣም። «አባቴ ፊት ነው የማጎርስህ» አለችው። ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም።

አባቷ አቶ ፍስሃጽዮን በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰብ የጴንጤ ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ያቆብ ወደ እነሱ ካልመጣ ልጃቸውን እንደማይሰጡ ተናገሩ።

ያቆብ ራሱ ቤታቸው ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያኔ አልወጣም። እሷንም ውጪ አልላትም። ለርስዎ ብዬ ብዋሽ ምን ዓይነት አማች እሆንዎታለሁ?»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልለምንዎት። እምቢ ካሉኝም ተመልሼ እመጣለሁ።»

እምቢ አሉት፤ ተመልሶ መጣ። የዕረፍት ቀኑ አርብ ስለነበር ሁልጊዜ አርብ ይሄዳል። የቀረበለትን የሥጋ ወጥ «አርብ ነው፣ ጋሼ» ብሎ በትሕትና ይተወዋል፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ለምኖ፣ እምቢታውን ሰምቶ ይወጣል። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

አንድ ቀን ፍሬ በር ድረስ ሸኘችው። «ደከመህ አይደል?»

«ሌላው ሁሉ ይቆረጥ» አላት። «መታጠፊያውን አልነካም።»

በሚቀጥለው አርብ እንጀራው ላይ በበርበሬ የተቁላላ፣ ነጭ ነጭ ቁራጭ ነገር ቀርቦ አገኘ።

«ከእስያ ሱቅ የገዛሁት እኔው ነኝ» አሉ አቶ ፍስሃጽዮን ፊታቸውን ሳይፈቱ። «አይብ አይደለም ብላኛለች። ብላ።»

ያቆብ ወደ ማዕዱ ቀረበ።

«ውሸታም ብትሆን ይሄኔ ስንት ሥጋ በልተህልኝ ነበር» አሉት። «በእምነትህ ላይ አሁንም አልስማማም። ግን ለአርብ እንዲህ የታመነ ሰው ለልጄም ይታመናል።»

ጠቅልለው አጎረሱት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ ማንም አልጠየቀውም።

«አንድ ያጣላል፣ ጋሼ» አለ አፉን እንደሞላ።

«ሁለተኛው የኔ አይደለም» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ፍሬ እጇን ታጥባ ጨርሳ ነበር።

«ና» አለችው፣ እንጀራውን እየቆረሰች። «ቴርሚንህ ዛሬ ነው።»